ፓተንታቸው ካለፈ በኋላ የሚሸጡ ሦስት ክኒኖች፦ የዳርምሽታቱ መርክ የልብ፣ የስኳርና የታይሮይድ መድኃኒቶች

የጀርመኑ መርክ ኩባንያ የሚያመርተው ኮንኮር የሚባለው የልብና የደም ግፊት ክኒን ቅርጹ ራሱ የልብ ነው። ባለ 5 ሚሊግራሙ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ፣ ባለ 10 ሚሊግራሙ ፈዛዛ ብርቱካናማ ሲሆን፣ ለሁለት ለመክፈል እንዲመች መሃሉ ላይ ተሰርጉዷል። የዚሁ ኩባንያ የስኳር በሽታ መድኃኒት የሆነው ግሉኮፋጅ ባለ 1,000 ሚሊግራሙ ሲሆን ደግሞ ትልቅ ነው፤ ጉሮሮው ጠበብ ያለ ሰው ያለ ብዙ ውኃ አይውጠውም። ሦስተኛው የታይሮይድ መድኃኒቱ ዩቲሮክስ ሲሆን መጠኑ የሚለካው በሚሊግራም ሳይሆን የሚሊግራም አንድ ሺኛ በሆነው በማይክሮግራም ነው። ለአንድ ታይሮይዱ ለሰነፈ ሰው የሚታዘዘው 100 ማይክሮግራም ከአንዱ ትልቅ የግሉኮፋጅ ክኒን ጋር በሚዛን ቢቀመጥ አሥር ሺህ ጊዜ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። እነዚህ በመልክም በመጠንም የማይገናኙ ሦስት መድኃኒቶች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። የሦስቱም የፓተንት ጥበቃ፣ ማለትም ሌላ አምራች እንዳይቀዳቸው የሚከለክለው የሕግ መብት፣ ካበቃ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ በየአገሩም በርካሽ የሚሸጡ ጄኔሪክ አቻዎቻቸው ሞልተዋል፤ ሽያጫቸው ግን አልወደቀም።

የመድኃኒት ንግድን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ የተለመደው መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። ፓተንት ባበቃ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ የዋናው አምራች ሽያጭ እንደ ገደል ቁልቁል ይወርዳል፤ ኩባንያውም ዓይኑን ወደ አዲሱ ምርቱ ያዞራል። ስለዚህ የመርክ ጉዳይ መመርመር ያለበት ገደሉ ለምን እንዳልመጣ፣ ወይም በአንዳንድ አገር መጥቶም ለምን ሥራውን እንዳልሠራ ለማወቅ ነው። በእኔ አመለካከት መልሱ በመድኃኒቶቹ ኬሚስትሪ ውስጥ የለም። ያለው በሽተኛው በየጠዋቱ በሚያደርገው ነገር፣ በገበያው መልክዓ ምድርና ኩባንያው ለመሸጥ ሲችል ሳይሸጥ ባስቀረው ንብረት ውስጥ ነው።

አስቀድሞ የስሙን ነገር ማጥራት ያስፈልጋል። በዓለም ላይ መርክ የሚባሉ ሁለት ኩባንያዎች አሉ። እዚህ የምንነጋገርበት በጀርመኗ ዳርምሽታት ከተማ ያለው፣ ፍሪድሪሽ ያኮብ መርክ በ1668 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመልአክ መድኃኒት ቤት የሚባለውን ፋርማሲ በመያዙ የተጀመረው ነው። አሜሪካዊው መርክ የዚሁ ቤት ቅርንጫፍ የነበረና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በ1917 የተለየ ሲሆን፣ ዛሬ ከስሙ በስተቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። የዳርምሽታቱ መርክ ከአክሲዮኑ 70 ከመቶ ገደማው እስካሁን በቤተሰቡ እጅ ነው፤ ይህ ደግሞ ለጉዳያችን ትርፍ መረጃ አይደለም፤ በየሩብ ዓመቱ የአክሲዮን ገበያውን ልብ ማንጠልጠል የማይጠበቅበት ባለቤት ያለው ኩባንያ ቀስ ብሎ የሚያድግን ምርት ታግሦ መያዝ ይችላልና።

ኩባንያው ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት የሸጠውንና ያስቀረውን ጎን ለጎን ማየት ብዙ ይናገራል። በ2007 ሴሮኖ የተባለውን የስዊዘርላንድ የባዮቴክኖሎጂ ኩባንያ ጠቅልሎ በያዘበት ጊዜ፣ የጄኔሪክ መድኃኒት ዘርፉን ማይላን ለተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ4.9 ቢሊዮን ዩሮ ሸጠ። በ2017 ባዮሲሚላር የሚባለውን፣ የባዮቴክኖሎጂ መድኃኒቶችን አቻ የሚሠራውን ዘርፍ ለፍሬዜኒየስ አስተላለፈ። በ2018 ደግሞ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡ ምርቶቹን ለፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በ3.4 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ሰጠ። የሌሎችን መድኃኒት ቀድቶ የሚያመርተው ዘርፍ ተሸጠ፤ የቫይታሚንና የጉንፋን ምርቱ ተሸጠ፤ ኮንኮር፣ ግሉኮፋጅና ዩቲሮክስ ግን ከቤት አልወጡም። ከውጭ ሲታዩ እነርሱም አሮጌና ርካሽ ስለሆኑ በዚያው መንገድ ይሄዳሉ ብሎ የጠበቀ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም ነበር።

ከሦስቱ ረጅሙ ታሪክ የግሉኮፋጅ ነው። ሜትፎርሚን የሚባለው ንጥረ ነገር መነሻው ጋሌጋ የሚባል በአውሮፓ የሚበቅል ተክል ሲሆን፣ በላቦራቶሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው በ1922 በደብሊን ነበር። ከዚያ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ተረስቶ ቆይቶ፣ ዣን ስተርን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1957 በስኳር በሽተኞች ላይ ያየውን ውጤት አሳተመ፤ «ስኳር በሊታ» የሚል ትርጉም ያለውን ግሉኮፋጅ የሚለውን ስም ያወጣለትም እርሱ ነው። የሜትፎርሚን ዘመድ የሆነው ፌንፎርሚን ላክቲክ አሲዶሲስ የሚባለውን ገዳይ የአሲድ በደም ውስጥ መከማቸት በማስከተሉ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካ ገበያ ሲወጣ፣ ጥርጣሬው ለሜትፎርሚንም ተረፈ። አሜሪካ የፈቀደችው በ1994 መጨረሻ ነው፤ በዚያ የሸጠውም ብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ ሲሆን ፈቃዱን ያገኘው ሊፋ ከተባለው የሊዮን ከተማ ኩባንያ ነበር። ሊፋን ደግሞ መርክ በ1991 ይዞት ነበር። ስለዚህ ግሉኮፋጅ ከዳርምሽታት ላቦራቶሪ የወጣ ምርት አይደለም፤ በግዥ የገባ የማደጎ ልጅ ነው። በ1998 የወጣው ትልቁ የእንግሊዝ የስኳር በሽታ ጥናት ሜትፎርሚን ወፍራም በሆኑ በሽተኞች ላይ ሞትን ጭምር እንደሚቀንስ ካሳየ በኋላ፣ ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ በመጀመሪያ የሚታዘዘው መድኃኒት ሆነ። የአሜሪካው ፓተንትና ልዩ ጥበቃ ሲያበቃ የዚያ አገር ገበያ በጄኔሪኮች ተጥለቀለቀ። መርክ ግን ከዚህ የተረፈ ሌላ ዓለም ነበረው።

ኮንኮር የቤቱ ልጅ ነው። ቢሶፕሮሎል የተባለው ንጥረ ነገር የተፈለሰፈው በመርክ ሲሆን ገበያ የገባው በ1986 ነው። ቢሶፕሮሎል የሚመደብባቸው ቤታ ብሎከሮች የሚባሉት መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚያዘገዩ፣ ልባቸው ለደከመ ሰዎች አደገኛ ናቸው ተብሎ ለብዙ ዘመን ይታመን ነበር። በ1999 የታተመውና 2,647 በሽተኞችን ያካተተው ሲቢስ ሁለት የተባለው ጥናት ይህን እምነት ገለበጠው፤ ቢሶፕሮሎል ከወሰዱት መካከል የሞቱት 11.8 ከመቶ፣ ካልወሰዱት መካከል ደግሞ 17.3 ከመቶ ሆኑ፤ ጥናቱም ጥቅሙ ጎልቶ በመታየቱ ከታሰበለት ጊዜ በፊት ተቋረጠ። ለንግዱ ትርጉሙ ቀላል ነው። የደም ግፊት ክኒን የነበረው የልብ ድካም ክኒንም ሆነ፤ የልብ ድካም በሽተኛ ደግሞ መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ የሚያቆም ሰው አይደለም። የዩቲሮክስ ነገር አጭር ነው፤ ታይሮይድ ዕጢ የሚያመነጨውን ሆርሞን የሚተካ፣ በጀርመን ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚሸጥ፣ በጠዋት በባዶ ሆድ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ የሚዋጥ፣ አብዛኛው በሽተኛ ዕድሜ ልኩን የሚወስደው ክኒን ነው።

አሁን ወደ ሽያጩ። መርክ በሪፖርቱ የልብ፣ የሜታቦሊዝምና የኢንዶክሪን (የሆርሞን) መድኃኒቶች ብሎ በአንድ ላይ የሚያስቀምጣቸው፣ ሦስቱንና ሳይዘን የተባለውን የዕድገት ሆርሞን ጨምሮ፣ በ2022 እና በ2023 በየዓመቱ ከ2.5 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ሸጠዋል። በእነዚያ ዓመታት የኩባንያው የመድኃኒት ዘርፍ ጠቅላላ ሽያጭ 7.8 እና 8.1 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ስለነበር፣ ከእያንዳንዱ ሦስት ዩሮ አንዱ ገደማ የመጣው ከዚህ ነባር ስብስብ ነው ማለት ነው። ከውስጡ መሪው ግሉኮፋጅ ሲሆን ከ800 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ይሸጣል፤ ኮንኮርና ዩቲሮክስ በየፊናቸው በግማሽ ቢሊዮን ዩሮ ዙሪያ ይገኛሉ።

የዚህን ቁጥር ክብደት ለመረዳት ከዚያው ቤት ሌላ መድኃኒት ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ሬቢፍ የተባለው፣ መልቲፕል ስክለሮሲስ ለሚባለው የነርቭ በሽታ የሚሰጠው መርፌ ከሴሮኖ ጋር የመጣ ሲሆን፣ ሴሮኖን ለመግዛት ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት አንዱ ምክንያትም እርሱ ነበር። በ2010ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ከ1.8 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ይሸጥ ነበር፤ በዚያው ጊዜ ግሉኮፋጅ ግማሽ ቢሊዮን እንኳ አይሞላም ነበር። በአፍ የሚወሰዱ ተፎካካሪዎች መጡ፤ የሬቢፍ ሽያጭ በየዓመቱ እየተሸረሸረ በ2023 ከአንድ ቢሊዮን ዩሮ በታች ነበር። ግሉኮፋጅ በዚያው ጊዜ ሽቅብ ሄደ። ውድ ሆኖ በፓተንት የተጠበቀው መርፌ ወረደ፤ በ1950ዎቹ የተጀመረው ክኒን ወጣ። ከዕድገቱ ውስጥ ከፊሉ መርክ በቻይና ቀድሞ ከብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ ጋር ይጋራው የነበረውን የግሉኮፋጅ ንግድ ይበልጥ ወደ ራሱ ከማምጣቱ የተገኘ ስለሆነ፣ ሁሉንም ለበሽተኛው መብዛት ብቻ መስጠት ትክክል አይሆንም።

እነዚህን ሪፖርቶች የሚያነብ ሰው ሊጠነቀቅበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። መድኃኒቶቹ የሚሸጡት በአብዛኛው በዩዋን፣ በብራዚል ሪያል፣ በሩብል፣ በሊራና በመሳሰሉት ሲሆን፣ ሪፖርቱ የሚወጣው በዩሮ ነው። በ2022 ዩሮ ተዳክሞ ከዶላር ጋር እኩል እስከመሆን በደረሰበት ጊዜ ሽያጩ ከእውነተኛ ዕድገቱ በላይ የተነፋ ይመስል ነበር፤ በ2023 ግን ነፋሱ ዞረ። የመድኃኒት ዘርፉ በዚያ ዓመት በዩሮ ሲቆጠር 3 ከመቶ ያህል ብቻ አደገ፤ የምንዛሪው ጫና ባይኖር ኖሮ ዕድገቱ ከዚህ በእጅጉ ይበልጥ ነበር። ኩባንያው የምንዛሪንና የግዥና ሽያጭን ውጤት አውጥቶ የሚያሳየውን ዕድገት ለብቻው የሚዘግበው ለዚህ ነው። የግሉኮፋጅን የአንድ ሩብ ዓመት ቁጥር ብቻ አይቶ «ወደቀ» ወይም «ተነሣ» የሚል ተንታኝ ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ዩዋን ነው።

የዚህ ታሪክ ዋና መድረክ ቻይና ናት። የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 537 ሚሊዮን አዋቂዎች የስኳር በሽታ ሲኖርባቸው፣ ከእነርሱ 141 ሚሊዮን ያህሉ በቻይና ይገኛሉ። መርክ በሻንግሃይ አቅራቢያ ባለችው ናንቶንግ ከተማ ወደ 170 ሚሊዮን ዩሮ አፍስሶ የመድኃኒት ፋብሪካ የሠራው ለዚህ ሲሆን፣ ፋብሪካው የታሰበው በትክክል ለእነዚህ ለሦስቱ፣ ለግሉኮፋጅ፣ ለኮንኮርና ለዩቲሮክስ ነበር። ነገሩን ልብ ይሏል፤ አንድ ኩባንያ ከትልልቅ ፋብሪካዎቹ አንዱን ፓተንት ለሌላቸው መድኃኒቶች ሲሠራ።

ፋብሪካው ሥራ በጀመረ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን የቻይና መንግሥት የጨዋታውን ሕግ ለወጠ። በ2018 መጨረሻ በአሥራ አንድ ከተሞች የተጀመረው የማዕከላዊ ግዥ ሥርዓት አሠራሩ እንዲህ ነው፤ መንግሥት የሕዝብ ሆስፒታሎች የሚጠቀሙትን የአንድን መድኃኒት ዓመታዊ መጠን ሰብስቦ ለጨረታ ያወጣል፤ ዋናውም ሆነ ጥራቱ የተረጋገጠለት ጄኔሪክ እኩል ይወዳደራሉ፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው የዚያን መጠን ከፍተኛ ድርሻ ያለ ማስታወቂያና ያለ ሻጭ ወኪል ያገኛል። ቢሶፕሮሎል በ2020 መጀመሪያ በተካሄደው ሁለተኛ ዙር፣ ሜትፎርሚን በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በተካሄደው ሦስተኛ ዙር ገቡ። በሜትፎርሚን ጨረታ ከቻይና አምራቾች አንዱ ያቀረበው ዋጋ ለአንድ ክኒን 1.5 ፌን ነበር። አንድ ዩዋን 100 ፌን ነው። በዚህ ዋጋ ክኒኑን ማሸጊያ ውስጥ መክተት ራሱ ያዋጣል ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ያም ሆኖ ዋጋው ቀርቦ ነበር።

በንድፈ ሐሳብ የግሉኮፋጅ የቻይና ንግድ እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት። ያላበቃበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ለእኔ ክብደት ያላቸው ግን ሁለት ናቸው። አንደኛው ጨረታው የሚይዘው የሕዝብ ሆስፒታሎችን ግዥ፣ ያውም ሙሉውን ሳይሆን አብዛኛውን ክፍል ብቻ መሆኑ ነው። ከሆስፒታሉ ደጅ የወጣው በሽተኛ ከግል ፋርማሲ ወይም ከኢንተርኔት መደብር የፈለገውን መግዛት ይችላል። መርክ በ2018 ከአሊባባ የጤና ኩባንያ ጋር የትብብር ስምምነት ያደረገው ጨረታዎቹ ገና ሳይጀመሩ ሲሆን፣ ኋላ ላይ ሆስፒታሉን ሲያጣ የሚያርፍበት ቦታ ሆኖለታል። ሁለተኛው ምክንያት የበሽተኛው ልማድ ነው። ለአሥር ዓመት አንድ ሣጥን ለይቶ ሲገዛ የኖረ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆዱን አሳምሞት ኋላ ከሰውነቱ ጋር የተላመደለት ሰው፣ ልዩነቱ በወር ከጥቂት ዩዋን የማይበልጥ ከሆነ አይለውጥም። ዋጋው ራሱ ዝቅተኛ መሆኑ ነባሩን ስም ከአደጋ ያተርፈዋል፤ ውድ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ልማድን ባሸነፈ ነበር።

ይህ የስም ነገር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ መድኃኒት ቤት የሜትፎርሚን ማዘዣ ይዞ የቆመ ሰው ባለሙያው «የህንዱ ነው የሚሻልዎት ወይስ የአውሮፓው?» ብሎ ሲጠይቀው፣ የሚጠየቀው ስለ ንጥረ ነገሩ አይደለም፤ ንጥረ ነገሩ አንድ ነው። «ያው የተለመደውን ስጠኝ፣ እርሱ ነው የሚስማማኝ» የሚለው መልስ በሻንግሃይም በሳኦ ፓውሎም ተመሳሳይ ነው፤ የመርክ የነባር መድኃኒቶች ንግድ የቆመውም በዚህ መልስ ላይ ነው። የመንግሥት ግዥ በሌላ በኩል በየትም አገር በንጥረ ነገር ስም ስለሚሄድ ሣጥኑ ላይ የተጻፈው የንግድ ስም ምንም አይፈይድለትም። በነገራችን ላይ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ለብልሃርዝያ መከላከያ የሚውጡት ፕራዚኳንቴል መርክ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ከ2007 ጀምሮ በነጻ ከሚሰጠው ነው፤ ከዚህ የሽያጭ ሰንጠረዥ ውስጥ ግን አይገኝም።

ከልማድ ሌላ ገበያው ራሱ ሰፍቷል። በ2002 የታተመው የአሜሪካ የስኳር በሽታ መከላከል ጥናት 3,234 ሰዎችን ተከታትሎ፣ ሜትፎርሚን ስኳራቸው ከፍ ማለት በጀመረ ግን ገና በሽታ ባልሆነባቸው ሰዎች ላይ በሽታው የመምጣት ዕድሉን በ31 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳይቶ ነበር። መርክ ይህን ውጤት ይዞ በብዙ አገሮች ለቅድመ ስኳር በሽታ የሚሆን ፈቃድ አወጣ። በሌላ አነጋገር ገና ያልታመመውን ሰው ደንበኛ አደረገ። እዚህ ላይ ግን ሐቁን ሙሉ ማድረግ ይገባል፤ በዚያው ጥናት ክብደት የቀነሱትና አካላዊ እንቅስቃሴ ያደረጉት ሰዎች ውጤት 58 ከመቶ ነበር፤ ከክኒኑ የበለጠ። የሽያጭ ወኪሉ የመጀመሪያውን ቁጥር እንጂ ሁለተኛውን ጮክ ብሎ ሲናገር አይሰማም። ሌላው የሰፋው በር የኩላሊት ነው፤ በ2016 የአሜሪካና የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች ኩላሊታቸው መጠነኛ ድካም ያለባቸው ሰዎችም ሜትፎርሚን እንዲወስዱ ፈቀዱ፤ ቀድሞ በር ላይ ይመለሱ የነበሩ ብዙ በሽተኞች ገቡ።

እስካሁን ያለው የስኬት ወሬ ይመስላል። የዩቲሮክስ የፈረንሳይ ታሪክ ግን ይህ ንግድ የቆመበት እምነት እንዴት ሊሰነጠቅ እንደሚችል ስለሚያሳይ ረጋ ብለን ልናየው ይገባል። በፈረንሳይ መድኃኒቱ የሚሸጠው ሌቮቲሮክስ በሚል ስም ሲሆን፣ በ2017 ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይወስዱት ነበር፤ ገበያውንም ብቻውን የያዘው ያህል ነበር። በ2012 የፈረንሳይ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በክኒኑ ውስጥ ያለው የሆርሞን መጠን ከምርት ቀን እስከ ጊዜው ማብቂያ ይበልጥ እንዲረጋ ጠየቀ። ኩባንያው ማጣበቂያና መሙያ የሆነውን ላክቶስ አውጥቶ በምትኩ ማኒቶልና ሲትሪክ አሲድ ጨመረ፤ ሆርሞኑ አልተነካም። አዲሱ ክኒን በመጋቢት 2017 ገበያ ገባ።

በሽተኞቹ ለውጡን በሰውነታቸው ላይ አወቁ። ድካም፣ የጡንቻ ሕመም፣ የፀጉር መነቃቀል፣ የልብ ትርታ፤ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ከሠላሳ ሺህ በላይ ሪፖርቶች ተቆጠሩ። ባለሙያዎች መጀመሪያ ላይ ብዙውን በሥነ ልቦና ያሳብቡ ነበር። ኩባንያው የያዘው ማስረጃ በ204 ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ የተደረገ ጥናት ሲሆን፣ በአማካይ ሲታይ አሮጌውና አዲሱ ክኒን እኩል መሆናቸውን ያሳያል። በኋላ ያንኑ መረጃ የመረመሩ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የጠየቁት ጥያቄ ግን የተለየ ነበር፤ አማካዩ እኩል ቢሆን፣ እያንዳንዱ ሰው ላይስ? ከፈቃደኞቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በግል ሲታዩ ከተፈቀደው ወሰን ውጭ ነበሩ። ይህ ለሌላ መድኃኒት ብዙም ላያሳስብ ይችላል። የታይሮይድ ሆርሞን ግን ከ100 ወደ 112 ማይክሮግራም የሚደረግ ለውጥ እንኳ ለብቻው በተዘጋጀ ክኒን የሚታዘዝበት መድኃኒት ነው፤ ሰውነት በእርሱ ላይ ጥቂት ብቻ ነው የሚታገሠው።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር አሮጌው ቀመር ከጀርመን ዩቲሮክስ በሚል ስም በጊዜያዊነት ወደ ፈረንሳይ እንዲገባ ተደረገ፤ የተፎካካሪዎች ምርቶችም ተፈቀዱ። ፍርድ ቤቱ ተራውን ያዘ። በሊዮን የመጀመሪያው ፍርድ በ2019 ለኩባንያው ሆነ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን በሰኔ 2020 ለውጡ ለበሽተኞቹ በግልጽ አልተነገረም በማለት ከ3,300 በላይ ለሆኑ ከሳሾች ለእያንዳንዳቸው 1,000 ዩሮ የሞራል ካሣ ወሰነ፤ እነርሱ የጠየቁት 10,000 ነበር። ሰበር ሰሚው ፍርድ ቤት በመጋቢት 2022 የኩባንያውን አቤቱታ ውድቅ አደረገ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ደግሞ የኩባንያው የፈረንሳይ ቅርንጫፍ በወንጀል ምርመራ ሥር ገባ። ፍርዱ ስለ ክኒኑ ጉዳት አልነበረም፤ ስለ ዝምታው ነበር። በሣጥኑ ላይ በደማቅ ጽሑፍ «ቀመሩ ተለውጧል» የሚል አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ ምን ያህሉ ክስ ይቀር እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ካሣው በገንዘብ ሲሰላ ሦስት ሚሊዮን ዩሮ አካባቢ ስለሆነ በግማሽ ቢሊዮን ሽያጭ ላይ ምልክት አያሳርፍም። የጠፋው ሌላ ነው፤ ኩባንያው ብቻውን ይዞት የነበረው የፈረንሳይ ገበያ ለተፎካካሪዎች ተከፈተ፤ ከዚያ በኋላ ወደ አንድ አቅራቢ አልተመለሰም። በዓለም አቀፍ ደረጃ ግን ዩቲሮክስ ዕድገቱን ቀጠለ። የቻይናው በሽተኛ ስለ ፈረንሳዩ ማኒቶል የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ስጋቱ ያለው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ሜትፎርሚንን በመጀመሪያ የሚታዘዝ መድኃኒት ያደረገው መመሪያ እየላላ መጥቷል። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 መመሪያው፣ የልብ ሕመም ያለበት የስኳር በሽተኛ ሜትፎርሚንን ሳይጠብቅ በቀጥታ በአዲሶቹ መድኃኒቶች ሊጀምር እንደሚችል አስቀመጠ፤ የአሜሪካውያኑም በዚያው መንገድ ሄዱ። ከአዲሶቹ አንዱ የሆነው ኦዜምፒክ የተባለው የኖቮ ኖርዲስክ ኩባንያ መርፌ በ2023 ብቻ 95.7 ቢሊዮን የዴንማርክ ክሮነር፣ ማለትም 13 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ሸጠ፤ ከመርክ ጠቅላላ የመድኃኒት ዘርፍ በላይ። ሆኖም አንድ ሐኪም ኦዜምፒክን ሲያዝ በአብዛኛው ሜትፎርሚንን አያቆምም፤ ይጨምርበታል። በዋጋቸውም እነዚህ መርፌዎች በብዙ የእስያና የላቲን አሜሪካ ገጠሮች ለመድረስ ገና ናቸው፤ የግሉኮፋጅ ገበያ ደግሞ በአብዛኛው በእነዚህ አገሮች ነው። አንድ ጊዜ በሳምንት የሚወጋ ርካሽ ጄኔሪክ ሴማግሉታይድ (የኦዜምፒክ ንጥረ ነገር) በስፋት ሲመጣ ስሌቱ ይለወጥ ይሆናል፤ የፓተንት ማብቃት አሁን ደግሞ ከሌላ ሰው ቤት ሆኖ መርክን የሚያሰጋው በዚህ መንገድ ነው።

ተስፋን በአዲስ መድኃኒት ላይ መጣል ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በታኅሣሥ 2023 ጎልቶ ታየ። ለመልቲፕል ስክለሮሲስ ታስቦ ብዙ ተስፋ የተጣለበት ኢቮብሩቲኒብ የተባለው አዲስ መድኃኒት በመጨረሻው ደረጃ ጥናት ከነባሩ ተፎካካሪ ሳይበልጥ ቀረ፤ የኩባንያው አክሲዮን በማግሥቱ ከአሥር ከመቶ በላይ ወደቀ። በሰኔ 2024 ዜቪናፓንት የተባለው የካንሰር መድኃኒትም እንዲሁ ቆመ። የዳርምሽታቱ ቤት ይህን ክፍተት ለመሙላት ስፕሪንግወርክስ የተባለውን አሜሪካዊ ኩባንያ በ2025 ገዛ። በእነዚህ ወራት ሁሉ የናንቶንግ ፋብሪካ ልብ የሚመስለውን ክኒን ሲጠፈጥፍ ነበር፤ የግሉኮፋጅ ስም ያለበት ሣጥንም ከጨረታው ውጭ ባለው የግል ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ፣ ከ1.5 ፌኑ ክኒን በብዙ እጥፍ ተወዶ፣ ገዢ አላጣም።